ቀጭኗ ለምን ወደ ቀኝ ትስባለች

መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች። እኔ ጋቢና ስቀመጥ ብቻ።

አክስቴ ኔሊዳ ስትቀመጥ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። አባቴ መሪውን ለቆ እጁን ጭኑ ላይ ቢያሳርፍ እንኳ ሐዲድ ላይ እንዳለ ባቡር ትነጉዳለች። በአክስቴ ቦታ እኔ ስገባ ግን አፍንጫዋን ወደ ቀኝ ትቀስራለች። አባቴ ጥርሱን ነክሶ ወደ ግራ ይመልሳታል፤ መሪውን ትንሽ ላላ ሲያደርግላት ደግሞ መንገድ ዳር ወዳለው ሣር። እንደ በግ።

«አልወደደችሽም» አለኝ ከመጨረሻው ሙከራ ስንመለስ። አባቴ አሚልካር የጥርስ ሐኪም ነው፤ መጥፎ ዜና ሲናገር ድምፁን ለስለስ ማድረግ ለምዷል።

«መኪና ብረት ነው አባባ። ብረት ሰው አይወድም፣ አይጠላም።»

«ሌላው ብረት ልክ ነሽ። ይቺ ግን ትመርጣለች።»

«እሺ፣ ከጠላችኝ ለምን ወደ ቀኝ? ለምን ወደ ግራ አትስብም?»

ከልቡ አሰበበት። «በስተቀኝ ያለሽው አንቺ ነሽ» አለ። «ልታራግፍሽ ነዋ።»

አላሳቀኝም፤ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በስተቀኝ ያለሁት እኔ ነኝ። የምትስበውም ወደ ቀኝ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ብቻ አላወቅኩም።

ስሟ ላ ፍላካ ነው፣ ቀጭኗ። በሃምሳዎቹ ዓመታት ጣሊያን ውስጥ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። አያቴ ከየት እንዳመጣት የሚነገሩት ታሪኮች እርስ በርስ አይስማሙም፤ እኔም ግድ የለኝም። ግድ ያለኝ በሐምሌ ብርድ በየዓመቱ የሚደረገው ውድድር ነው። አሮጌ መኪኖች ከታንዲል ተነስተው በኮረብቶቹ መካከል እስከ ባልካርሴ ይሄዳሉ። የፍጥነት ውድድር አይደለም። በየጣቢያው ልክ በተባለው ሰዓት መድረስ ነው ጨዋታው፤ የዘገየ ይቀጣል፣ የቀደመም ይቀጣል። ስለዚህ ከሹፌሩ በላይ የሚፈለገው ጋቢና ያለው ሰው ነው። የሩጫ ሰዓቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ «ቀስ... ቀስ... አሁን ንዳ!» የሚለው እሱ ነው። ልጅ ሆኜ ሰዎች ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ «ጋቢና» እል ነበር አሉ። አሁንም ሌላ መልስ የለኝም።

ወንበሩ ግን የአክስቴ ነው። ኔሊዳ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያ ተቀምጣለች፤ ወንበሩም በእሷ ቅርጽ ጎድጉዷል። ያለፈው ዓመት ውድድር ላይ ግን ችግር መጣ። የአክስቴ ዓይን አሁን የሚያየው ሩቁን ብቻ ነው። ሰዓቱን ለማንበብ ክንዷን መዘርጋት አለባት፤ ቀጭኗ ውስጥ ደግሞ ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ የለም፣ እጇ ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ይጋጫል። መነጽር አታደርግም። «መነጽር ለሚያነቡ ሰዎች ነው፤ እኔ የማየው ሰዓት ነው» ትላለች። ሁለት ጣቢያ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳተች፤ ከመጨረሻ ሦስተኛ ሆነው ገቡ። አባቴ ለአሮጌ መኪና ክለቡ ሰዎች፣ ለጎረቤቱ፣ አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ለማይችለው በሽተኛው ሁሉ ሳይቀር «መኪናዋ እየሳበች አስቸገረችን» ብሎ አወራ።

ለክረምቱ እረፍት ከምማርበት ከላ ፕላታ እንደመጣሁ ሻንጣዬን ሳልፈታ ጠየቅኩት። «ዘንድሮ እኔ ልቀመጥ።»

አባቴ እህቱን «ተነሺ» ማለት አይችልም። ልጁንም «አይሆንም» ማለት አይችልም። ስለዚህ ውሳኔውን ለመኪናዋ ሰጠው፦ «ቀጭኗ ካንቺ ጋር ቀጥ ብላ ከሄደች፣ እሁድ ለውድድሩ ጋቢናው ያንቺ ነው።»

አልሄደችም። እሁድም እየቀረበ ነበር።

የምማረው የመሬት ልኬት ነው። አንድ ነገር አንዴ እንዲህ ሌላ ጊዜ እንዲያ ሲሆን «አልወደደችሽም» የሚባል ምክንያት ሰምቼ መተኛት አልችልም። ሰኞ የጎማዎቹን ነፋስ ለካሁ፤ እኩል ነው። ማክሰኞ የግራውን ጎማ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀየርኩ፤ ጥፋቱ ከጎማው ቢሆን አሁን ወደ ግራ መሳብ ነበረባት። አልሳበችም፤ አሁንም ወደ ቀኝ። ረቡዕ በክሪክ አንስቼ ሁለቱንም ጎማ በእጄ አሽከረከርኩ፤ ፍሬን የያዘው የለም። አባቴ በሽተኛ ባልነበረው ሰዓት የጥርስ መስታወቱን ይዞ መጥቶ ከጎማው ጀርባ ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ፣ እንደ መንጋጋ ጥርስ፣ አየልኝ።

«የሚነቃነቅ የለም» አለ። «የተቦረቦረም የለም።»

«እና ለምን ትስባለች?»

«ነገርኩሽ እኮ።»

ከተማው ውስጥ ይህን ሁሉ በማሽን የሚያስተካክሉ ቤቶች አሉ። አባቴ ግን ቀጭኗን ለሰው አይሰጥም፤ አላይመንቷ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ በሲባጎ ነው። በመኪናዋ ግራና ቀኝ፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ ሲባጎ ይወጠራል። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና የኋላ ጠርዝ ይለካል፤ ልዩነቱ የጎማው አፍንጫ ወደ ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ እንደሚያይ ይናገራል። ከዚያ ከፓራፋንጎው ላይ ቱንቢ ይንጠለጠላል፤ ግንበኛ ግድግዳ እንደሚለካው፣ ጎማው ቀጥ ብሎ መቆሙ ይታያል። አናቱ ወደ ውጭ የዘመመ ጎማ መኪናዋን ወደ ራሱ ይስባል። ሁለቱም እኩል ከዘመሙ ስበታቸው ይጠፋፋል፤ አንዱ ከበለጠ እሱ ይወስዳታል። መዝመሙን ለማረም ከክንዱ ብረት ጀርባ ስስ የብረት ቁራጮች ይጨመራሉ ወይም ይቀነሳሉ። ያን የሚያደርገው አባቴ ብቻ ነው።

ሐሙስ ቤቱ ባዶ ነበር። አባቴ ሥራ ላይ፣ አክስቴ ጉልበቷን ልትታይ ሄዳለች፤ እናቴ ማቤል ደግሞ ቤት ብትኖርም ጋራዡ ውስጥ አትገባም፣ ከገባች አንድ ነገር ያዢ እንደምትባል ታውቃለች። ብቻዬን ለመለካት ወሰንኩ። መጀመሪያ ወለሉን ጠረጠርኩ። ባልዲ ውኃ ደፋሁበት፤ ውኃው ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። አሃ! የሰድር ስባሪ ከጎማዎቹ ሥር እያስገባሁ ውኃ ልኩ መሐል ላይ እስኪቆም አስተካከልኩ። ከሰድሩ በላይ አባቴ እንደሚያደርገው በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ሥር ሁለት ሁለት ቆርቆሮ አነጠፍኩ፣ በመካከላቸው ቅባት፤ ጎማው ወለሉን ሙጭጭ ብሎ እንዳይይዝ፣ ወደሚፈልገው እንዲንሸራተት። ሲባጎውን ወጠርኩ፣ ቱንቢውን ሰቀልኩ፣ ለካሁ።

የቀኙ ጎማ አናት ከግራው ይልቅ ወደ ውጭ ዘሟል። ደግሜ ለካሁ። ዘሟል። ቱንቢውን አውርጄ እንደገና ሰቅዬ ለካሁ። ዘሟል።

እራት ላይ ነገርኩት። አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። «ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። እስከዚያ ቁልፍ እንዳታነሺ።»

ቅዳሜ ከቀትር እንቅልፍ በኋላ ሁልጊዜ የሚሆነው ሆነ። አባቴ አሮጌ የሐኪም ጋውኑን ለብሶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። አክስቴ ኔሊዳ ፔርሙዙንና ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ የምትቀዳበትን ቅል ይዛ ገባች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋራዡ ውስጥ ለስላሳ መቀመጫ ያለው ደግሞ ቀጭኗ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ሁልጊዜው በሩን ከፍታ፣ መጀመሪያ ጀርባዋን፣ ቀጥሎ እግሮቿን አስገብታ፣ ትራሷ ላይ ተቀመጠች። የሩጫ ሰዓቱ አንገቷ ላይ ነው፤ ለዳቦ ግዢም አታወልቀውም። ማቴ የምትቀዳው እሷ ናት። ሌላ ሰው ፔርሙዙን ቢነካ ጸብ ነው። ቅሏን ሞልታ በመስኮት ለአባቴ ትሰጣለች፤ አባቴ በመምጠጫው እስከ ታች መጥጦ ይመልሳል፤ ደግማ ሞልታ ለእኔ። ይህ ቤት ከዚህ ውጭ ለክቶ አያውቅም።

አባቴ ማስመሪያውን ቱንቢው ላይ አስጠጋ። ግራውን አየ። ቀኙን አየ።

«እኩል ናቸው።»

«አይደሉም።»

«ነይ እይ።»

ተንበርክኬ አየሁ። እኩል ናቸው። በፀጉር እንኳ አይበላለጡም።

«ሐሙስ ዕለት ተለያይተው ነበር» አልኩ።

«ሐሙስ ዕለት ርቦሽ ነበር።»

«አባባ፣ ደጋግሜ ለካሁ!»

«ስህተት ሲደጋገም ልክ አይሆንም ልጄ።»

አክስቴ ከመኪናዋ ውስጥ ሳቀች። «እዚያ ላ ፕላታ ምንድነው የሚያስተምሯት?»

«መሬት መለካት» አለ አባቴ።

«መሬት እማ ዝም ብሎ ይተኛል። ማንስ ቢሆን ይለካዋል።»

ተናደድኩ። የተናደድኩት ግን በስድባቸው አልነበረም። ያው መኪና፣ ያው ወለል፣ ያው ሲባጎ፣ ሐሙስ አንድ ቁጥር፣ ቅዳሜ ሌላ ቁጥር። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ሁለቱንም ግን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። በሁለቱ ቀናት መካከል ምን ተለወጠ? ብርዱ? ሐሙስም ይህን ያህል ይበርድ ነበር። ሰድሮቹ? ከነበሩበት አልተነሱም። ሲባጎው ረጥቦ ይሆን? ቱንቢ ቢረጥብም ወደ መሬት እንጂ ወዴት ይሄዳል? መኪናዋን ማን ነካት? ማንም። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ጉንጬን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አድርጌ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የቀኙን ጎማ አፍጥጬ አየሁት። የሆነ ነገር ይነግረኝ ይመስል።

«ውኃው ቀዝቅዟል» አለች አክስቴ ከላይ።

በሩ ተከፈተ። እግሮቿ ከፊቴ ወረዱ። «እናቴ ድረሽ» አለች፤ ሁልጊዜ ስትነሳ እንደምትለው። የወንበሩ ሞላ ጮኸ። መኪናዋ ተነፈሰች።

የቸርኬው የላይኛው ጠርዝም ተንቀሳቀሰ።

ከዓይኔ ሥር ነው የሆነው። ማንም ጎማውን ሳይነካው አናቱ ወደ ቱንቢው ተጠጋ፤ ቆርቆሮው በቅባቱ ላይ ሸርተት አለ፤ ጎማው እንደ ሐሙስ ዕለቱ ሆኖ ቆመ።

«አክስቴ፣ ተመለሽ!»

«ምን?»

«ተመልሰሽ ተቀመጪ።»

«ውኃው ቀዝቅዟል እያልኩሽ ነው።»

«ይቀዝቅዝ! ተቀመጪ።»

አጉረመረመች፣ ግን ተቀመጠች። የቸርኬው አናት ከቱንቢው ራቀ። እኩል።

«አሁን ተነሺ።»

«አሚልካር፣ ልጅህ ልታሳብደኝ ነው።»

«ተነሺ በቃ!»

ተነሳች። ተጠጋ።

«አንዴ ብቻ፣ ተቀመጪና...»

«አልቀመጥም!» አለች አክስቴ። «ሊፍት መሰልኩሽ? ጉልበቴ የተሠራው ላንቺ መጫወቻ ነው? ዳቦ ቤት ሄጃለሁ። እስክመለስ ወይ ልብ ግዙ ወይ ውኃ አፍሉ።» ወጥታ ሄደች። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ነው፤ ግን ከዳቦ ቤቷ ሴትዮ ጋር የምታወራው ብዙ ስለሆነ ቶሎ እንደማትመለስ አወቅን።

ከወለሉ ተነሳሁ። «አባባ፣ ቀጭኗን ስታስተካክላት አክስቴ ሁልጊዜ ውስጥ ናት?»

«ታዲያ ማቴውን ከየት ሆና ትቅዳ?»

«አልፎ አልፎ ሳይሆን ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ።»

«እንግዲህ የተስተካከለችው ለአክስቴ ነዋ! አክስቴ ስትቀመጥ የቀኙ ሞላ ይጫናል፣ መኪናዋ በቀኝ በኩል ዝቅ ትላለች፣ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይገባል። አንተ ያኔ ትለካለህ፣ እኩል ታደርጋለህ። የግራው ሞላ ለሹፌር ተብሎ የጠነከረ ነው፣ አንተ ብትገባም ብትወጣም አይንቀሳቀስም። አክስቴ ስትወጣ ወይም እኔ ስቀመጥ፣ ሞላው ይነሳል፣ የቀኙ ጎማ አናት ወደ ውጭ ይዘማል። ወደ ቀኝ ትስባለች። አልጠላችኝም። ቀለልኳት።»

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። መኪናዋን አየ፣ ባዶውን ወንበር አየ፣ የአክስቴን ትራስ አየ።

«እስቲ አሳዪኝ» አለ።

ለማሳየት አክስቴን የሚያህል ነገር ያስፈልገናል። ስንት ኪሎ እንደሆነች አናውቅም፤ ይህን የሚጠይቃት ሰው በዚህ ቤት አልተወለደም። ግን መጠየቅም አያስፈልግም ነበር። ከጋራዡ ግድግዳ ሥር የድንች ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ አባቴ ጥርስ የተከለለት የባልካርሴ ገበሬ በየክረምቱ ያመጣል። እኔ ቱንቢው ጋ ተኛሁ፤ አባቴ ከረጢት እያነሳ ጋቢናው ላይ ይጭናል።

«ደረሰ?»

«ገና።»

ሌላ ጨመረ። «ደረሰ?»

«ገና።»

«ኧረ በማርያም!» አለ አባቴ፤ ከድካም ይሁን ከእህቱ ክብደት አላወቅኩም። ሌላ ጨመረ።

የቸርኬው አናት የአክስቴ ቦታ ላይ ቆመ። «ደረሰ።»

ድንቹን በቀበቶ አሰርነው። አባቴ መውደቅ አለመውደቁን ሊያይ ወዘወዘው፤ ከዚያ እንደ ልጅ ሆነና ቆቡን አውልቆ የላይኛው ከረጢት ላይ ደፋበት። ሲባጎና ቆርቆሮውን አነሳን። ሞተሩን አስነሳ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ለሦስተኛ ሰው ቦታ የለም።

የቤታችን መንገድ በባሕር ዛፎች መካከል ቀጥ ብሎ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል። ቀጭኗ ማርሽ እየቀየረች ራቀች። ከዚያ አባቴ ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ ከጭንቅላቱ በላይ ዘረጋቸው። ከሩቅ እንደተማረከ ሰው ይመስል ነበር። መኪናዋ አንድ ጣት ሳትዛነፍ መሥመሯን ይዛ ሄደች። ብቻዬን መንገድ ላይ ቆሜ ጮህኩ። አንድ ውሻ መለሰልኝ።

ሲመለስ ግን ፊቱ የደስታ ፊት አልነበረም። ቀጭኗን ወደ ቦታዋ አስገብቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከድንቹ ጎን እንደተቀመጠ ቀረ።

«ቀጥ ብላ ሄደች» አለ።

«አየሁ። በል ድንቹን እናውርድ። እኔ ልቀመጥ፣ በእኔ ክብደት እንለካ፣ ብረቶቹን አስተካክል፤ ነገ ከእኔ ጋርም ቀጥ ብላ ትሄዳለች።»

«መሐል ላይ ብናደርገውስ?»

«ምን መሐል?»

«ባንቺና በእሷ መሐል።»

«ያኔ ከሁለታችንም ጋር ትስባለች።»

«ትንሽ ብቻ።»

«አባባ፣ ነገ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው።»

ጨርቅ አንስቶ ንጹሕ እጁን ይጠርግ ጀመር። ያኔ ገባኝ። እስካሁን «መኪናዋ አልፈቀደችም» ማለት ይችል ነበር። አሁን መኪናዋ ምንም አላለችም። የተቀመጠውን ሁሉ በእኩል ትይዛለች፤ ማን እንደሚቀመጥ የሚናገረው እሱ ነው። ምስጢሩን ስፈታ የምሰጠው ደስታ መስሎኝ ነበር፤ የወሰድኩበት መደበቂያውን ነው። አላዘንኩለትም። እሁድ ነገ ነበር።

«ይህ ደግሞ ማነው?»

አክስቴ ኔሊዳ በሩ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የወረቀት ጥቅል፣ ትኩስ ሜዲያሉና፣ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጣፋጭ ዳቦ፣ ይሸታል። የምታየው ጋቢናውን ነው። ቀበቶ የታጠቀውን፣ ቆብ ያደረገውን።

«ድንች ነው» አለ አባቴ።

«ድንች መሆኑንማ አያለሁ፤ ዓይኔ ያን ያህል አልጠፋም። እኔ ቦታ ላይ ምን ይሠራል?»

አባቴ ጨርቁን አጠፈ። እኔ መጠበቅ አልችልም። «አንቺን ነው የሚያህለው» አልኩ። «በክብደት።»

«አይሊን!» አለ አባቴ።

አክስቴ ቀርባ ከረጢቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች። «ይህ ሁሉ?»

«ቀበቶው ትንሽ ይጨምራል» አለ አባቴ።

«ዝም በል አንተ።» ወደ እኔ ዞረች። «ለምን?»

ነገርኳት። ስለ ሞላው፣ ስለ ጎማው አናት፣ ሁልጊዜ እሷ ውስጥ ሆና ስለሚለካው፤ እሷ ስትቀመጥ ቀጥ፣ እኔ ስቀመጥ ወደ ቀኝ። አላቋረጠችኝም። ሰው ሲያወራ ሳታቋርጥ ሰምታ አታውቅም፤ ይህ ራሱ ሊያስፈራኝ ይገባ ነበር።

«ከዚህ ድንች ጋር ነዳሃት?» አለችው አባቴን።

«ነዳኋት።»

«ሳበች?»

«አልሳበችም። ቀጥ ብላ ሄደች።»

«ስለዚህ እኔ ስቀመጥ አትስብም።»

«አዎ» አልኩ እኔ፤ ስለገባት ደስ ብሎኝ። «ስትቀመጪ ስባ አታውቅም።»

«ስለዚህ ያለፈው ዓመትም አልሳበችም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ከጎማ ጋር ስጨቃጨቅ ይህ በሐሳቤ አልመጣም። አባቴ ወለሉን አየ። ሐሙስ የደፋሁት ውኃ ያስቀረው እርጥበት አሁንም ነበረበት።

«ኔሊ...» አለ።

«ለክለቡ ሰዎች ሁሉ ሳበች አልካቸው። ለእኔም ሳበች አልከኝ። እኔም ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ለሐኪሙ፣ ያልነገርኩት ማን አለ? ሳበች እያልኩ።»

«ትንሽ ነፋስ ነበረ ያን ቀን...»

«አሚልካር፣ ነፋስ ደቂቃ አያሳስትም።»

ሰዓቱን ከደረቷ ላይ አነሳች። ወደ ዓይኗ አቀረበችው፣ ከዚያ አራቀችው፣ ከዚያ ክንዷ እስከሚችለው ዘረጋችው። ጋራዡ ሰፊ ነው፤ ክንዷ ሙሉ ተዘረጋ። ያነበበችውን አልነገረችንም። ወደ ደረቷ መለሰችው።

«ድንቹን አውርዱ» አለች።

አወረድን። አባቴ ከረጢቶቹን ሲያነሳ ከእሷ ዓይን ጋር ላለመጋጨት ዙሪያውን ይሄዳል። አክስቴ ጎንበስ ብላ ትራሷን ከወንበሩ አንስታ ብብቷ ሥር አስገባች።

«አንቺ፣ ግቢ።»

«አክስቴ፣ እኔ...»

«ልትገቢ ስንት ዓመት ስትለፈልፊ አልነበረም? ግቢ።»

ገባሁ። ያለ ትራሱ ወንበሩ ጉድጓድ ነው፤ ዓይኔ ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ብዙም አይበልጥም። ፔርሙዙን እግሮቼ መካከል አስቀመጠችልኝ፣ ቅሏን እጄ ላይ።

«ጋቢና የሚቀመጥ ይቀዳል። ውኃው እንዳይፈላ፤ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ለእሱ ስትሰጪው ሞልተሽ አትስጪው፣ ሁልጊዜ ጋውኑ ላይ ይደፋዋል።»

«ኔሊ፣ እኔ እኮ ገና አልወሰንኩም» አለ አባቴ።

«አንተ መቼ ወስነህ ታውቃለህ? የሠርግህን ክራባት የመረጥኩልህ እኔ ነኝ።» ከወረቀቱ ጥቅል አንድ ሜዲያሉና አወጣች፣ ቀሪውን ኮፋኖው ላይ አስቀመጠች። «በል ለካ። ልጅቷ ውስጥ ናት። ለካ!»

አባቴ ተንበረከከ። ቆርቆሮውን መልሶ አነጠፈ፣ ሲባጎውን ወጠረ፣ ቱንቢው መወዛወዝ እስኪተው በጣቱ ያዘው። ከተቀመጥኩበት አላየውም፤ ማስመሪያው ብረት ሲነካ ብቻ ነው የምሰማው። «የቀኙ ወደ ውጭ ዘሟል» አለ ከታች፤ ድምፁ በሽተኛ እንዳያስደነግጥ ሲናገር ያለው ድምፅ ነበር። «ሁለት ስስ ብረት ይፈልጋል።»

አክስቴ ወደ በሩ እየሄደች ነበር። ሰዓቱ አሁንም አንገቷ ላይ ነው። ነገ ያለ እሱ መቀመጥ አልችልም፤ አሁን መጠየቅ ነበረብኝ፣ አፌንም ከፍቼ ነበር። የጋራዡ የቆርቆሮ በር ማጠፊያው ስለረገበ መሬት ይጎትታል፤ ከዚህ ቤት ሰው ማንም ገጥሞ ዘግቶት አያውቅም፣ ሁላችንም ገርበብ አድርገን እንተወዋለን። እሷ ሜዲያሉናውን በጥርሷ ይዛ፣ በሁለት እጇ በሩን ከመሬት አነሳችው፤ ሰዓቱን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች፤ ከውጭ ሆና ገጥማ ዘጋችው።